ቤቱን ከነእናቱ

ነገን በእጁ ይዞ ዛሬን ለእኛ በሰጠን በእግዚአብሔር ስም።

እኔ ሰፈሩ «እማማ ጥጥ» እያለ የሚጠራኝ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ፍራሽ ስሞላና ስሰፋ የኖርሁ፣ ባሌን የቀበርሁና ሦስት ልጆች ያሳደግሁ ሴት፣ ዛሬ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በገዛ አልጋዬ ትራስ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊው ከራስጌው አስፍሮታል። እግሮቼ ከድተውኛል፤ ልቤም አንዳንዴ ምቱን ይረሳል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ ሙሉ ብቻም ሳይሆን ተቆጥቷል። ጸሐፊው «እማማ፣ ተቆጥቷል የሚለው ቢቀር ይሻላል፤ ነገ ዳኛ ፊት ያስነቅፋል» ቢለኝ፣ «የተቆጣን ሰው እንደ እብድ የሚቆጥር ዳኛ ካለ መጀመሪያ እሱ ራሱ ይመርመር» ብዬዋለሁ። ይህም ተጽፏል።

ኑዛዜውን የማደርገው ሞቴ ስለ ቀረበ ብቻ አይደለም። ሴት ልጄ እኔ በሕይወት ሳለሁ ከዚህ ቤት እንድትወጣ ነው።

ምስክሮቼ ግድግዳ የሚያዋስነኝ አናጢ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስና የማዕዘኑ ባለሱቅ ናቸው። ልጆቼም ሦስቱም በክፍሉ ውስጥ ቆመዋል። ይህን የሚያነብ ዳኛ እንዳይደናገር ማን ማን እንደሆነ ልናገር። ታላቁ ልጄ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። ቀን ቀን ቤት ለቤት እየዞረ ስለ እሳት፣ ስለ ሌባና ስለ ድንገተኛ ሞት እያወራ ሰው ሲያስጨንቅ ይውላል፤ ማታ ደግሞ በጉባኤ ፊት ቆሞ «አትጨነቁ» እያለ ይሰብካል። ሁለቱንም አሳምሮ ነው የሚሠራው። ታናሹ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጢሙ ደረቱን ሊነካ ደርሶም «ማሙሽ» እንደተባለ ቀርቷል። መካከለኛዋ ሴት ልጄ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር ተምራ የተመረቀች፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ክፍል ገብታ ያላስተማረች ናት። የቤት ስሟ «አቤት» ነው። ከየትኛውም ክፍል ሰው ሲጣራ «አቤት!» ብላ የምትነሣው እሷ ስለሆነች ወንድሞቿ ያወጡላት ስም ነው። ይህ ስም ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። የሚጠራት ሰው እናቷ ባወጣችላት ስም ይጥራት።

በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት አስተማሪ አድርጎ ጠርቷታል። ደወሉላት፤ «እናቴ ታማብኛለች፣ አልችልም» አለች። እንደገና ደወሉላት፤ ያንኑ መለሰች። ሁለተኛውን ጊዜ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አፍንጫዋን ስትጠርግም ሰማኋት።

ዕዳ የለብኝም። የአናጢው መሰላል ግን እኛ ግቢ ነው ያለው፤ ይመለስለት። አናጢው «ኧረ ይቆይ እማማ፣ ምን ቸገረኝ» ብሏል። አይቆይም። የሚያስፈልገው ሰው ከዚህ በኋላ ራሱ ሄዶ ይዋስ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ።

ባሌ በሕይወት ሳለ በቤታችን አንድ ልማድ ተከለ። ማታ ከራት በኋላ፣ ሳህኑ ሳይነሣ፣ እያንዳንዳችን የከበደንን አንድ ነገር ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ሌሎቻችን «አሜን» እንላለን፤ ከዚያ እስኪነጋ ድረስ ያንን ነገር ዳግም ማንሣት ክልክል ነው። «ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ ጌታ ያነሣዋል» ይል ነበር። ይህንን ሲል ከልቡ ነው። ጥጥ የሚያመጣልን ነጋዴ የጠፋ ጊዜም፣ ልጆቹ በትኩሳት የነደዱ ጊዜም፣ ተናግሮ ጸልዮ ጭንቅላቱ ትራስ ሲነካ እንቅልፍ ይወስደዋል። ያናድደኝ ነበር እንጂ እንዴት ያለ እምነት እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። ሲነጋ ግን ከሁላችን ቀድሞ ተነሥቶ የራሱን ጉዳይ ራሱ ሲሮጥ ይውላል። ልጆቼ ከአባታቸው የወረሱት ማታውን ብቻ ነው።

እሱ ካረፈ በኋላ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ታላቁ ልጄ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ ሰው አጣሁ» ይላል፤ አሜን እንላለን፤ ሄዶ ይተኛል። በማግሥቱ ሕፃኗ በሰዓቷ ቤቷ ትገባለች። ማን አመጣት? እህቱ። ታናሹ «መንጃ ፈቃዴ ጊዜው ሊያልፍብኝ ነው» ይላል፤ አሜን፤ እሱም ይተኛል። እህቱ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ወረቀቱን ይዛ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ይህ የእኔ ልጅ ታዲያ በእሑድ ጉባኤ ማይክራፎን ጨብጦ «ሳልሰለፍ፣ ሳልለማመጥ፣ አምላኬ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ!» ብሎ መሰከረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እህቱ ከኋላ ወንበር ሆና አብራ አጨበጨበች። እግሯ ከሰልፉ የተነሣ አብጦ ጫማዋን አውልቃ ነበር። ጣሪያው ማፍሰሱንም እየተቀባበሉ በጠረጴዛው ላይ ተናገሩ። ታዲያ የአናጢው መሰላል ለምን እኛ ግቢ የቀረ ይመስላችኋል?

ታላቁ ልጄ ይኸው አሁን አቋርጦኝ «እማዬ፣ እኔ እኮ አንድም ቀን አዝዣት አላውቅም» ብሏል። ይጻፍለት። እውነቱን ነው፤ አላዘዛትም፤ ጸለየ እንጂ። እኔንስ ያንገበገበኝ ይኸው አይደል? ቢያዛት ኖሮ እምቢ ማለት ትችል ነበር። ጸሎትን ማን እምቢ ይላል?

«ይህን ሁሉ እንዴት ቆይተው አወቁ?» ለሚለኝ መልሴ ፍራሽ ነው። ጣሪያው ከአልጋዬ በላይ ያፈሰሰ ጊዜ፣ ልጄ ወጥታ እስክትደፍነው ድረስ በእሷ አልጋ ላይ አስተኙኝ። የእኛ ሥራ የሰውን ጓዳ ያሳያል። ሊታደስ የመጣ ፍራሽ ስፌቱ ሲፈታ ባለቤቱ እንዴት እንደሚያድር ይታወቃል። እንቅልፋም ሰው መሃሉን ያጎደጉዳል። የሚገላበጥ ሰው ጥጡን ወደ ሁለቱ ጎን ይገፋዋል። የማይተኛ ሰው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ስለሚያድር ጠርዙን ይጨርሰዋል፤ መሃሉ አዲስ እንደሆነ ይቀራል። የልጄን ፍራሽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በተመረቀች ጊዜ፣ ምርጡን ጥጥ መርጬ። ጀርባዬ ሲያርፍበት መሃሉ ያን ጊዜ እንደሞላሁት ነፍቶ ጠበቀኝ። ጠርዙን በእጄ ዳበስሁ። በግድግዳው በኩል ያለው ደህና ነው። በበሩ በኩል ያለው ግን ከማለቁ የተነሣ ጣቶቼ ጣውላውን ነኩ። ልጄ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ የተጣራ ሰው ካለ ፈጥና እንድትነሣ። እኔ ለስንቱ ሰው መኝታ የሠራሁት በገዛ ልጄ መኝታ ላይ ተኝቼ አለቀስሁ። ልቅሶው ሲያልቅ ቁጣው መጣ፤ እስካሁን አልወጣልኝም።

ስለ ጭንቀት የማውቀውን እንግዲህ ልናገር፤ ሰባኪውም ይስማ። ጌታ ስለ ነገ አትጨነቁ ማለቱን አምናለሁ። ይህን ቃል ይዤ ነው ባሌን ቀብሬ መርፌዬን ያነሣሁት። ወደ ወፎች ተመልከቱ ማለቱንም አውቃለሁ፤ በመስኮቴ ተመልክቻለሁ። ወፍ ጎተራ የላትም፤ ስለ ነገም ስትብሰለሰል አላየሁም። ሌላዋን ወፍ ልካ ስታስለቅም ግን እንዲሁ አላየሁም። ጭንቀትን በእግዚአብሔር ላይ መጣል ማለት እህት ጀርባ ላይ ጭኖ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አይደለም። እናንተ አልጣላችሁትም፤ አሸከማችሁት። ይህ አልበቃ ብሎ የእሷን ላብ ወስዳችሁ ለአምላክ ስጦታ አደረጋችሁት። እሱ ከሰው የተነጠቀ ነገር ምን ያደርግለታል? «በእሷ እጅ የሠራው እግዚአብሔር ነው» ካላችሁኝም እሺ፣ ሠርቷል፤ የእናንተን እጅ ታዲያ ማን አሰረው?

ታላቁ ልጄ «እማዬ፣ ሰው ፊት እንዲህ…» ብሏል።

«ሰው ፊት ሰብከሃል፤ ሰው ፊት ስማ» ብዬዋለሁ።

ስለዚህ ያለኝን እንደሚከተለው አከፋፍያለሁ።

መኖሪያ ቤቱን ለታላቁ ልጄ ሰጥቻለሁ። ቤቱን ከነጣሪያው፣ ከነፍሳሹ፣ ከማይዘጋው የጓሮ በሩና ከነእናቱ ይረከባል። እኔ እስክሞት ድረስ የቤቱ አንዱ ዕቃ ነኝ፤ ተነጥዬ አልሰጥም። ጠዋት ደግፎ ያስቀምጠኛል፤ መድኃኒቴን ይሰጠኛል፤ ጀርባዬ እንዳይቆስል ያገላብጠኛል፤ እንዴት እንደሚያገላብጥ ነርሷ ታሳየዋለች። ይህን ሥራ ለሚስቱ አሳልፎ ከሰጠ ስጦታው ይፈርሳል። እሷ የሰው ልጅ ናት፤ ከዚህ ቤት ሌላ አቤት እንዲፈጠር አልፈቅድም።

«እማዬ፣ እኔ ሥራ ነው የምውለው እኮ» አለ።

«እህትህስ ምን ላይ ስትውል ኖረች?»

አንገቱን አከከ። «መቼም… ጌታ ያውቃል» አለ።

«ጌታ ያውቃል። አንተም እወቅ።»

ባለሱቁ ሣቀ። ሣቄ አይጻፍ ቢልም ተጽፏል።

ወርክሾፑን ከመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከመቀሱና ከመርፌዎቹ ጋር ለታናሹ ልጄ ሰጥቻለሁ። ያልታደሱ ፍራሾች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ባለቤቶቻቸው መሬት ላይ ነው የሚያድሩት፤ አስቀድሞ እነሱ ይሠሩ። መርፌ አልይዝም ካለ ሠራተኛ ይቅጠር፤ ነገር ግን ከፍሎ ይቅጠር፤ በጸሎት አይቅጠር። «ማሙሽ፣ ሰምተሃል?» ብዬ ብጠይቀው «ሰምቻለሁ እማዬ» አለ። «ምን ሰማህ?» ብለው «መርፌ» አለ። ከምንም ይሻላል። የወርክሾፑ የመንገድ ዳር ክፍል ግን ተሽጦ ዋጋው ለእህቱ ይላክላት፤ ባለችበት ይድረሳት እንጂ ለመፈረም እንኳ እንዳትጠራ።

የራት ጠረጴዛው የሁሉም ነው። የባሌ ልማድ እንዲቀር አልፈልግም፤ ይጸለይ። ሕጉን ግን አሻሽያለሁ። ጭንቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ሌላው ያስቀመጠውን አንድ ነገር ይዞ ይነሣ። አሜን ያለ ሰው ለአሜኑ እጁን ያውጣ። ያን ጊዜ ሁሉም ይተኛል። እግዚአብሔርም የራሱን ሥራ ይሠራል።

አናጢው እዚህ ላይ አላስችል ብሎት «እማማ፣ አይቆጡኝና፣ ደክማ የኖረችው እሷ ሆና ቤቱ ለእነሱ? ልጅቱን እኮ ነቀሏት!» አለኝ። ደግ ሰው ነው። ግን አልገባውም። ጣሪያ ብሰጣት ጣሪያ ልትጠብቅ ነው። ቁልፍ ብሰጣት ቁልፍ ልትጠብቅ ነው። ለሴት ልጄ የሚጠበቅ ነገር አልሰጥም። የሰጠኋት አዲስ ፍራሽ ነው። በዚህ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ እሷ ወጣ ባለች ቁጥር፣ ጥጡን ነርሷ እያቀበለችኝ የሰፋሁት የመጨረሻ ሥራዬ ነው። መሃሉን ጠቅጥቄ ሞልቼዋለሁ። ጠርዙን ሆን ብዬ በትንሽ ጥጥ አሳስቼዋለሁ፤ ለመቀመጥ አይመችም። በእኛ ሙያ ይህ ነውር ነው፤ የትኛውም ደንበኛ ቢያየው ይመልሰዋል። እሷ ግን ትተኛበት።

ፍራሹ አሁን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሯል። አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ ይነሣል። ትኬቱ አናጢው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሻንጣዋን ነርሷ ትናንት አዘጋጅታ በቤቷ አስቀምጣዋለች። ለትምህርት ቤቱም እኔው ራሴ ደውዬ «ትመጣለች» ብያቸዋለሁ።

«ምን?» አለች ልጄ። እስካሁን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው? ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ሳል ሲያፍንሽ ማን ይሰማሻል? እሱ እንደሆነ አንዴ ከተኛ ቤቱ ቢፈርስበት አይሰማም!»

«እንግዲህ ይልመድ። ባይሰማም የማያንቀላፋ አለ።»

«ብትሞቺስ? እኔ ሳልኖር ብትሞቺስ?»

«ብሞት ሞትሁ። አንቺ ጠርዝ ላይ ስለተቀመጥሽ ሞት አፍሮ ከበር ይመለሳል?»

አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ፤ «ማን አስቀምጥ አለህ?» ብዬ አስነሣሁት፤ ለእሷ የምለው ከሁሉ በላይ መጻፍ ያለበት ነውና።

ልጄ፣ በአንቺም ተቆጥቻለሁ። ወንድሞችሽ ስንፍናቸውን እምነት ብለው ጠሩት፤ አንቺ ደግሞ ፍርሃትሽን ፍቅር ብለሽ ጠራሽው። ለአንድ ሌሊት ብትተኚ ሁላችንም የምንጠፋ ይመስልሻል። እግዚአብሔርን «እርስዎ ይረፉ፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ» ብለሽ ወንበሩን ወስደሽበታል። ያ ወንበር ያንቺ አይደለም፤ ስለዚህ ነው ወገብሽን የሚያምሽ። እሱ የማይተኛው አንቺ እንድትተኚ ነው። እኔን ለእሱ መስጠት ካልቻልሽ አንድም ቀን አላመንሽውም ማለት ነው። ከባድ ቃል ነው፤ እያወቅሁ ነው ያልሁት። እዚያ እጅሽን አይተው ዓለምን የሚሰሙ ልጆች እየጠበቁሽ ነው። እጅሽን እዚህ በእኔ ሽንት ጨርቅ አታስጨርሺው።

ጸሐፊው «እማማ፣ ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው። ይሄ ያሉት ሁሉ ዛሬ ይፈጸም ካሉ ስጦታ ነው የሚባለው፤ አጻጻፉ ይለያል» ብሎኛል። በተገቢው መንገድ ይጻፈው። ስጦታም ይባል፣ ኑዛዜም ይባል፣ የእናት ቁጣም ይባል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይጸናል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እፈራለሁ። ይህም ይጻፍ። ጀግና የምመስለው ስናገር ብቻ ነው። የልጄን ኮቴ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ሌሊት ያለ እሷ አላደርሁም። ማታ ስነቃ እጇ አይኖርም። ያ ትልቅ ልጄ ሲያነሣኝ ይጥለኛል ብዬ እፈራለሁ። ለሌላው አትጨነቁ ብዬ ስቆጣ የቆየሁ ሴት አሁን ተራዬ ደርሷል። ስለዚህ ምስክሮች እየሰሙ እጸልያለሁ፦ ጌታ ሆይ፣ ልጄ ትሂድ። እሷን ላንተ ሰጥቻለሁ፤ መልሼ አልጠይቅህም። እኔን ከእነዚህ ሁለት ወንዶች ጋር ተወኝ። ታውቃቸዋለህ።

ምስክሮቹ «አሜን» ብለዋል። ታላቁ ልጄም ብሏል፤ ድምፁ ቀጭን ነበር።

ሌላ ኑዛዜ የለኝም። ይህን የሚሽር ወረቀት ከእኔ በኋላ ቢገኝ የእኔ አይደለም። ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ቃሌ ነው፤ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

የጸሐፊው ማረጋገጫ።

ተናዛዧ ከላይ ያለውን ሁሉ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ሰምቼ ጽፌአለሁ። ነርሷ የተናዛዧን ትንፋሽና ልብ አዳምጣ «አእምሮዋ ከእኔ ይሻላል፤ ድምፅዋም እንዲሁ» ስትል መስክራለች። ንባቡ ሳያልቅ ሴት ልጃቸው ተንበርክካ እናቷን ስማ፣ ከአናጢው ትኬቱን ተቀብላ ወጥታለች። አናጢውም ሻንጣውን ከነርሷ ቤት አንሥቶ እስከ አውቶቡሱ ሸኝቷት ተመልሷል። በፊርማው ጊዜ ልጅቱ በቤት ውስጥ አልነበረችም።

አናጢው እንደ ገባ ተናዛዧ «ሄደች?» ብለው ጠየቁ። «ሄደች እማማ፣ መስኮቱ ጋ ነው የተቀመጠችው» አላቸው። ተናዛዧ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያም ውኃ ጠየቁ። ታላቁ ልጃቸው ወደ ማድ ቤት ሄደ። የቁም ሣጥን በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ እንደገናም ሲከፈት ሰማን። በመጨረሻ አንገቱን በበሩ አስገብቶ «እማዬ፣ ብርጭቆ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ።

ተናዛዧ «ፈልግ» አሉት።

ውኃው እስኪመጣ ጠበቅን። ከጠጡ በኋላ ፈርመናል፦

ጎረቤቱ አናጢ — ፊርማ
ጡረተኛዋ ነርስ — ፊርማ
ባለሱቁ — ፊርማ
ጸሐፊው — ፊርማና ማኅተም